ንድፈ ሐሳቡ በቃል፣ ደመወዙ በዱቤ

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ የሆሳዕናን መንገድ ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አረካ ይገባል። ዱቦ ከአረካ አጠገብ በቦሎሶ ሶሬ በኩል የምትገኝ፣ በካቶሊክ ሚሲዮኗና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ስሟ የሚነሳ ሥፍራ ናት። እንደ ዱቦ ባሉ የገጠር ማዕከላት ሁለት ዓይነት የገበያ ቀን አለ። አንደኛው ገበሬው በቆሎውን፣ ጎደሬውን፣ ቆጮውንና ቅቤውን ይዞ የሚወጣበት የታወቀው ገበያ ነው። ሁለተኛው በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ ያልሠፈረ፣ ነገር ግን ባለሱቁ፣ ሥጋ ሻጩና የዕቁቡ ዳኛ በጣታቸው እየቆጠሩ የሚጠብቁት ቀን ነው። ይኸውም የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ የሚወጣበት ቀን ነው።

ይህ ሁለተኛው የገበያ ቀን ሲቀር ምን እንደሚከተል ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ዲግሪ አያስፈልግም። ዘይትና ሳሙና፣ ስኳርና የልጆች ደብተር በዱቤ ይወሰዳል። የባለሱቁ የዱቤ መዝገብ ይወፍራል፤ መደርደሪያው ግን ይሳሳል። ከሶዶ ጅምላ ነጋዴ ዕቃ የሚያመጣበት ጥሬ ገንዘብ ስለሚያጥረው እርሱም በተራው ዱቤ ጠያቂ ይሆናል። ዕቁቡ አንድ ሳምንት ይዘላል፤ ከዚያም ሁለት። በአጭሩ ዱቦ በዱቤ መኖር ትጀምራለች።

ነገሩ የምናብ ሥዕል ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን በርካታ ወረዳዎች ለመምህራን ደመወዝ በወቅቱ ባለመከፈሉ በትምህርት ቤቶች ሥራ እስከ ማቆም የተደረሰበት ሁኔታ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። የበጀት እጥረትና ሳይሰበሰብ የተከማቸ የማዳበሪያ ዕዳ በምክንያትነት ተጠቅሰዋል። በዚያው ዘመን በዚያው ዞን ርዕሰ ከተማ፣ በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የማኔጅመንት ተማሪዎች ስለ መሪነትና ስለ ሠራተኛ ማነሳሳት ንድፈ ሐሳቦች ሲማሩ ነበር። አንድ ጥያቄ ሊነሳ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ከክፍሉ ውጭ ስላለው ስለዚህ ነገር ምን ይላል?

መልሱ ብዙዎች እንደሚያስቡት «ምንም አይልም» አይደለም። ትምህርቱ በሚገባ ከተነበበ የሚለው ግልጽ ነው። የገባውን ቃል በቀኑ የማይፈጽም አሠሪ ስለ ሠራተኛው ተነሳሽነት ለመናገር ገና አልደረሰም። ችግሩ ይህ ዐረፍተ ነገር በፈተና ላይ የማይመጣ መሆኑ ነው።

<b>«መልሱ ሐ ነው»</b>

በማኔጅመንት ተማሪ ዘንድ የንድፈ ሐሳቦቹ ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት በቃል የሚወጣ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራን በሳይንሳዊ መንገድ መለካትን አስተማረ። እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አጠገብ በነበረው የሐውቶርን ፋብሪካ የተካሄዱት ጥናቶች ሠራተኛው ትኩረት ሲያገኝ ምርቱ ይጨምራል የሚለውን አስተሳሰብ ወለዱ። አብርሃም ማዝሎ እ.ኤ.አ. በ1943 የሰውን ፍላጎት ከምግብና ከመጠለያ ጀምሮ የራስን ችሎታ እስከ ማውጣት በአምስት መደበው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ በ1959፣ ዳግላስ ማክግሪጎር በ1960፣ ቪክቶር ቭሩም በ1964 ይከተላሉ። በመሪነት በኩል ደግሞ መሪ ሆኖ ይወለዳል ከሚለው ተነስቶ በፍሬድ ፊድለር የሁኔታ ንድፈ ሐሳብ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1978 ጄምስ ማክግሪጎር በርንስ እስካመጣው «ለውጥ አምጪ መሪነት» ድረስ ይዘልቃል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ላይ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በመጀመሪያው አገር አቀፍ ፈተና በመንግሥትና በግል ተቋማት ከተፈተኑት 150,184 ዕጩ ምሩቃን መካከል ያለፉት 61,054 ወይም 40.65 በመቶ ነበሩ። ፈተናው የትምህርት ጥራትን ለማስጠበቅ የታሰበ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ከግማሽ በላይ የሚጥል ፈተና የተደቀነበት ተማሪ ንድፈ ሐሳቡን ከአካባቢው ኑሮ ጋር እያስተያየ ለመመርመር ጊዜ የለውም። ማዝሎ የአማራጭ ጥያቄ ይሆናል። የኸርዝበርግ ሁለት ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? መልሱ ሐ ነው። ተማሪው ያከብባል፤ ያልፋል፤ ይመረቃል።

በዚህ መሐል የሚጠፋው ቁም ነገሩ ነው። ማዝሎ በ1943ቱ ጽሑፉ ላይ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚታየውን ፒራሚድ አልሣለም፤ ሥዕሉ በኋላ በሌሎች የመጣ ነው። አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ካልተሟላ ሌላው ጨርሶ አይነሳም የሚል እምነትም አልነበረውም። ኸርዝበርግም ጥናቱን ያካሄደው በአሜሪካ ፒትስበርግ አካባቢ በሚሠሩ 200 ያህል መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ላይ ነው። የወር ደመወዛቸው ይመጣ ይሆን ወይስ ይቀር ይሆን የሚል ጥያቄ ያልነበረባቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ተነስቶ ሰውን ለሥራ የሚያነቃቃው ሥራው ራሱ፣ ዕውቅናና ዕድገት እንደሆነ ደመደመ። ደመወዝን በዋናነት የመደበው ከሌላው ወገን ነው።

ከዚህ በመነሳት ብዙ ተማሪ ይዞት የሚወጣው «ገንዘብ ሰውን አያነሳሳም» የሚለውን አጭር ቃል ነው። ያው ተማሪ ነገ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲሆን ይህን አጭር ቃል ይጠቀምበታል። ኸርዝበርግ ግን ሌላውን ወገን የሰየመው ከጤና አጠባበቅ በተዋሰው ቃል ነው፤ ንጽሕና። ንጹሕ ውኃ በሽተኛን አይፈውስም። ሲጠፋ ግን ጤነኛውንም ያሳምማል። ይህን ለመረዳት የዱቦ ሆስፒታል አስታማሚ መሆን ይበቃል። ውኃ ፈዋሽ ስላልሆነ የሆስፒታሉ ቧንቧ ቢደርቅ ግድ የለም የሚል ሐኪም የለም። ደመወዝ አነቃቂ ስላልሆነ ቢዘገይ ግድ የለም የሚል አመራር ግን አለ።

<b>ማነሳሳትና ተነሳሽነት</b>

በዚህ ጉዳይ የአማርኛው አጠራርም የራሱ ድርሻ አለው። ተማሪው በእንግሊዝኛ «ሞቲቬሽን» ብሎ የተማረው ቃል ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ «ተነሳሽነት» ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ማነሳሳት የአመራሩ ሥራ ነው፤ የሚያነሳሳ አለ፤ የሚነሳሳም አለ። ተነሳሽነት ግን የሠራተኛው ጠባይ ነው። ቃሉ ሲለወጥ ተጠያቂውም ይለወጣል። በየግምገማው መድረክ «የሠራተኛው የተነሳሽነት ጉድለት» እየተባለ በቃለ ጉባኤ የሚሠፍረው ድክመት ከሳሹም ዳኛውም አመራሩ የሆነበት፣ ሠራተኛው ብቻ በተከሳሽነት የቆመበት ጉዳይ ነው።

ማክግሪጎር እ.ኤ.አ. በ1960 ያነሳው ዋና ነጥብ ይኸው ነበር። ሠራተኛ ሰነፍ ነው፣ ካልተገደደ አይሠራም ብሎ የሚነሳ ኃላፊ ሰነፍ ሠራተኛ ይፈጥራል። ከዚያም የፈጠረውን እያሳየ «አላልኳችሁም?» ይላል። በመማሪያ መጽሐፉ ይህ ኤክስ የተባለው ንድፈ ሐሳብ ነው። ተማሪው ከዋይ ጋር አነጻጽሮ በሠንጠረዥ ያስቀምጠዋል። በግምገማው አዳራሽ ሲያገኘው ግን አያውቀውም፤ ምክንያቱም እዚያ የሚጠራው በሌላ ስም ነው።

<b>አንዱ ዜሮ ሲሆን</b>

ከሁሉ ይልቅ ለዱቦ የሚስማማው የቭሩም ንድፈ ሐሳብ ይመስላል። እንደ ቭሩም አባባል ሰው ለሥራ የሚነሳው ሦስት ነገሮችን አመዛዝኖ ነው። ብደክም ሥራው ይሳካል ወይ? ሥራው ቢሳካ የተባለው ዋጋ ይሰጠኛል ወይ? የሚሰጠኝ ዋጋ ለእኔ ይረባኛል ወይ? ቁም ነገሩ ሦስቱ የሚደመሩ ሳይሆኑ የሚባዙ መሆናቸው ነው።

ለማስረዳት ያህል በቁጥር ይታይ። አንድ መምህር ሦስቱንም ጥያቄዎች በ0.9 ቢመልስ ብዜቱ 0.729 ይሆናል። ይኸው መምህር ማስተማር ያውቅበታል፤ ደመወዙንም እጅግ ይፈልገዋል፤ ነገር ግን በቀኑ ይከፈለኛል የሚለው እምነቱ ወደ 0.1 ይወርዳል እንበል። ብዜቱ 0.081 ነው። የመምህሩ ችሎታ አልቀነሰም፤ ፍላጎቱም አልቀነሰም። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለው እምነት ብቻ ሲጎድል የሥራው መንፈስ ወደ ዘጠነኛ እጅ ወረደ። ከሦስቱ አንዱ ጨርሶ ዜሮ ቢሆን የቀሩት ሁለቱ የቱንም ያህል ቢያምሩ ውጤቱ ዜሮ ነው።

እርግጥ የወር ደመወዝ ለተለየ ትጋት የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ውል ነው። ክርክሩን የሚያጠነክረው ግን ይኸው ነው። ውሉን ያልፈጸመ አሠሪ «በርትታችሁ ብትሠሩ የደረጃ ዕድገት አለ፣ የትምህርት ዕድል አለ» ሲል ማን ያምነዋል? ለሠራተኛው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። ሥልጠና ቢሰጥ፣ የዕቅድ ቅጽ ቢለወጥ፣ የውጤት መለኪያ ካርድ ቢሠራ ሁሉም በዜሮ ይባዛል።

ኢትዮጵያ በዚህ በኩል የመሣሪያ ድሃ አይደለችም። የሕዝብ አስተዳደር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1956 ከተቋቋመ ወዲህ የሥራ አመራር ሥልጠና ተቋርጦ አያውቅም። መሠረታዊ የሥራ ሒደት ለውጥ መጣ፤ ሚዛናዊ የውጤት ካርድ ተከተለ፤ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እያንዳንዳቸው የሚረቡ መሣሪያዎች ናቸው። ሆኖም አንዳቸውም ደመወዝ ባልተከፈለበት ወር እንዲሠሩ ተደርገው አልተሠሩም። ጃፓኖቹ ካይዘንን ያሳደጉት ሠራተኛው ከፋብሪካው ጋር ያለው ትስስር ነገ አይበጠስም ብሎ በሚያምንበት ቤት ውስጥ ነው።

<b>ደረጃ ዘልሎ መውጣት</b>

በአሁኑ ዘመን በየሥልጠናው የሚወደሰው ለውጥ አምጪ መሪነት ነው። ራዕይ ያለው፣ ሠራተኛውን ከግል ጥቅሙ በላይ አሻግሮ የሚያሳይ መሪ ማለት ነው። በርንስ ይህን መሪ ከ«ልውውጣዊ» መሪ ይለያል። ልውውጣዊው ይህን ሥራልኝ፣ ይህን እሰጥሃለሁ የሚል ነው። ብዙ ሰልጣኝ ልውውጣዊው ዝቅ ያለ፣ ለውጥ አምጪው ከፍ ያለ ነው ብሎ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ከፍ ያለውን መሆን ይፈልጋል።

የበርንስን ሐሳብ ወደ ድርጅቶች ያመጣው በርናርድ ባስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተማረው ግን ለውጥ አምጪው መሪነት በልውውጡ ላይ የሚጨመር እንጂ ልውውጡን የሚተካ አለመሆኑን ነው። መጀመሪያ የተስማሙበት ይፈጸማል፤ ራዕይ ከዚያ ላይ ይታነጻል። መሠረት ሳይጥል ጣራ የሚያዋቅር ግንበኛ በዱቦም በሶዶም አይገኝም። ባልተከፈለ ደመወዝ ላይ ራዕይ የሚያዋቅር ኃላፊ ግን በየስብሰባው ይገኛል።

የዓለም ልምድም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በጥር 1914 የሠራተኞቹን የቀን ገቢ ወደ አምስት ዶላር ሲያሳድግ ቀድሞ ከነበረው እጥፍ ያህል ነበር። ርኅራኄ አልነበረም። በ1913 ሠራተኛው እየለቀቀ በመሄዱ የፋብሪካው የሠራተኛ መፈራረቅ 370 በመቶ ደርሶ ነበር። ፎርድ ክፍያውን በሠራተኛው የግል ኑሮ ውስጥ በሚገባ ቁጥጥር አስሮት ስለነበር ተወቅሷል። ይሁን እንጂ አምስት ዶላር ብሎ አምስት ዶላር ከፈለ። መልቀቁ በእጅጉ ቀነሰ፤ ምርቱም ጨመረ።

<b>ዓላማ ያለው ሰውስ?</b>

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ሰው በእንጀራ ብቻ አይሠራም፤ በወላይታ ምድር በአነስተኛ ክፍያ ታላቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ የሚል ነው። እውነት ነው። ከሁሉ የሚልቀው ምስክር በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት ለማከም በ1990ዎቹ መባቻ በሶዶ የተጀመረው ፕሮጀክት ነው። በዞኑ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች ከተከፈቱት ማከሚያዎቹ ብዙዎቹን ያንቀሳቀሱት ቀድሞ ታማሚ የነበሩ፣ ታክመው የዳኑና የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት ሲሸሻቸው የኖሩ ሰዎች የሌላውን ታማሚ እግር ማጠብና ማሠር፣ ማስተማርና ማበረታታት ሥራቸው ሆነ።

ሥራው ለምጣኔ ሀብቱም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በሽታው በወላይታ ዞን የሚያደርሰውን ኪሳራ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ፣ ታማሚው የሚያጣውን የሥራ ጊዜም 45 በመቶ አድርጎ ገምቶታል። ኸርዝበርግ «ሥራው ራሱ ያነቃቃል» ያለው ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ሠራተኞች በትክክል ይሠራል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ምሳሌ ሌላ ትምህርት መውሰድ ስሕተት ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ሥራው የገቡት መርጠው ነው። የሥራቸው ፍሬም በዓይናቸው ፊት የሚታይ ነው፤ ትናንት መራመድ ያልቻለው ዛሬ ጫማ አጥልቆ ወደ ገበያ ይሄዳል። የሂሳብ መምህሩም በሥራው እንዲህ ያለ ደስታ አለው። መምህሩ ሥራውን ይወዳል ተብሎ ግን ደመወዙን ማዘግየት ፍቅሩን በመያዣነት መውሰድ ነው። ዓላማ ሠራተኛው የሚያመጣው ሀብት ነው። አሠሪው ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ አይደለም።

<b>ካዝናው ባዶ ሲሆን</b>

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኃላፊዎች በኩል የሚመጣ ነው። ገንዘብ ከሌለ መሪ ከየት ያመጣል? ይህም ክብደት አለው። የወረዳ አስተዳዳሪ ብር አያትምም። ከክልል የሚለቀቅለት በጀት ከተቀነሰ የሚከፍለውም ይቀንሳል።

ሆኖም የምጣኔ ሀብት ሥሌቱ ሌላውን ገጽ ያሳያል። የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የጀማሪ ባለዲግሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ጭማሪው የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ሠራተኛው የተጨመረለትን ቁጥር ከገበያው ዋጋ ጋር እያስተያየ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ ሌላ ቀኑ አለ። ወርኃዊ ደመወዙ 11,500 ብር የሆነ ሠራተኛ ክፍያው ሁለት ወር ቢዘገይ 23,000 ብር ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣና ያለ ፈቃዱ ለአሠሪው አበድሯል ማለት ነው። ሠራተኛው ያበደረውን ደግሞ ለእርሱ ያበደረው የዱቦው ባለሱቅ ነው።

የማዳበሪያው ዕዳ በምክንያትነት ሲነሳም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በወላይታ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው በብድር ማድረስ አዲስ ነገር አይደለም። በዓለም ባንክ ብድር እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ የጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ዋዱ እየተባለ የሚታወቀው፣ ያስለመደው አሠራር ነው። ብድሩ ሲሰጥ የሚመለስበት መንገድ አብሮ መታሰብ ነበረበት። ሳይታሰብ ቀርቶ ዕዳው ከደመወዝ በጀት ላይ ሲወራረድ የገበሬውን ማዳበሪያ መምህሩና ባለሱቁ ሳይጠየቁ ገዙለት ማለት ይሆናል። ገበሬውም ቢሆን አልተጠቀመም። ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ መምህሩን ሲያጣ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ካዝናው በእርግጥ ባዶ ቢሆን እንኳ ለመሪ የሚቀርለት ሥራ አለ። ስቴሲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳስረዳው ሰው የሚቀበለውን የሚመዝነው ከሌላው ጋር አስተያይቶ ነው። የመምህሩ ደመወዝ በቀረበት ወር የጽሕፈት ቤቱ መኪና ነዳጅ ሳያጣ፣ የስብሰባው አበል ሳይቋረጥ ከቀጠለ ሠራተኛው እጥረቱን አያምንም። እጥረቱ ከላይ ጀምሮ በእኩል ሲታይ፣ ምን ያህል እንደጎደለና በየትኛው ቀን እንደሚከፈል በግልጽ ሲነገር፣ የተባለውም ቀን ሲከበር ብዙ ሠራተኛ ይታገሣል። ወንፈል የሚያውቅ ሕዝብ ተራን መጠበቅ ያውቃል። የጎረቤትን ማሳ ዛሬ የሚቆፍረው የእርሱ ተራ እንደሚደርስ ስለሚያምን ነው። ለጊፋታ በዓል ሰንጋ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅሙት የወላይታ አባወራዎችም፣ ለበዓሉ ቅቤ የሚቆጥቡት እናቶችም የሚጠብቁት ሩቅ ቀን ነው። ቀኑ ግን ይታወቃል፤ አይቀርምም።

<b>ከዱቦ ቢጀመር</b>

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው እርምጃ ወጪ የለውም። የመሪነትና የማነሳሳት ኮርስ የሚወስድ የሶዶ ተማሪ ማዝሎን ካጠና በኋላ ለአንድ ሳምንት ወደመጣበት ወረዳ ይላክ። የዱቦ ልጅ ወደ ዱቦ ይመለስ። በአንድ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የግል ሱቅና የቤተሰብ ማሳ ጎን ለጎን ያገኛል። አራት ዓይነት አሠሪና አራት ዓይነት ውል ማለት ነው። በእያንዳንዳቸው ሰው ለምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚከፈለው፣ ሲዘገይ ምን እንደሚያደርግ ጠይቆ ይጻፍ። የባለሱቁንም የዱቤ መዝገብ በፈቃዱ ይመልከት። እንዲህ ያለ 10 ገጽ ጽሑፍ ከ100 የአማራጭ ጥያቄ የበለጠ መሪ ያፈራል። ከየወረዳው የተሰበሰበው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለዞኑና ለክልሉ የሚያቀርበው ጥናት ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ሠራተኛው በውጤት ካርድ እንደሚለካ ሁሉ የኃላፊውም ካርድ አንድ ቀላል መሥፈርት ይኑረው። በዓመቱ ከነበሩት 12 ወራት በስንቱ ደመወዝ በቀኑ ተከፈለ? ይህ ለመለካት አስቸጋሪ አይደለም። ራዕይን ለመለካት ከሚቀርቡት ቅጾች ሁሉ ይቀላል።

ሦስተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ የድርጅት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛውን አይመለከትም። መንግሥት ከግል አሠሪ የሚጠብቀውን በራሱ ላይም ሊያጸና ይገባል። ለደመወዝ የተመደበ በጀት ለማዳበሪያም ሆነ ለሌላ ዕዳ ማወራረጃ እንዳይነካ በሕግ መለየት ይቻላል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን አንድ ወረዳ ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ። የሚቀጥለው ወር ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን ጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ በዚያም ቀን መክፈል ነው። ባለሱቁም መጥቶ ያነበዋል።